መስከረም በሦስት ሳንቲ ሜትር

«ወንድሜ፣ እባክህ አንድ ነገር በለው። አንተን ይሰማሃል።»

እህቴ ይህን ያለችኝ ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቡና እያፈላች ነው። ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ የጥቅምት መጀመሪያ። እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የኖረ ሰው ዘመድ ቤት ሲሄድ እንግዳ ሆኖ አይቀርም፤ ዳኛ ይደረጋል። ተከሳሹ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ነው። ክሱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ የኪስ ገንዘቡን ሁሉ አሻንጉሊት ይገዛበታል። ሁለተኛ፣ ፈተና እያለበት እስከ እኩለ ሌሊት ብሩሽ ይዞ ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ ከአሻንጉሊቶቹ መካከል ቀንድ ያላቸው አሉ። «ቀንድ ያለው ነገር ቤቴ ውስጥ አልፈልግም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቀንዳሞቹ እንዳይሰሟት ይመስል።

አራተኛም ነበራት፤ እሱን ግን በክስ መልክ አላቀረበችውም። «ከእኔ ጋር እኮ አያወራም» አለች ስኒዎቹን እየደረደረች። «ምን ብዬ ላውራው? እሱ የሚወደውን እኔ አላውቅ፣ እኔ የማውቀውን እሱ አይጠይቀኝ።»

ቡናዬን ጠጥቼ ፎቅ ወጣሁ። ምክሩን ደረጃው ላይ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። የጊዜ ዋጋ፣ የወላጅ ድካም፣ የስደት ኑሮ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም ሰምተነዋል፣ ሁላችንም ተናግረነዋል።

«ግባ አጎቴ። ጠረጴዛውን ብቻ እንዳትነካው» አለኝ።

«አንቱ በል!» የሚል ድምፅ ከታች ተሰማ። የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው።

ጠረጴዛው ላይ አርባ ያህል ወታደሮች ተሰልፈዋል። ቁመታቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ የአውራ ጣቴን ግማሽ ቢያህሉ ነው። ጆሯቸው የሾለ፣ ቀስትና ጦር የያዙ፣ ካባ የለበሱ ናቸው። «ኤልፍ» ይባላሉ፤ በፈረንጆች ተረት ጫካ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰው የሚመስሉ ግን ሰው ያልሆኑ ፍጡራን። አጠገባቸው እግር አውጥተው የሚራመዱ ዛፎች ቆመዋል። እህቴ ቀንድ ያለችው የእነዚህን ቅርንጫፍ ነው። ለነገሩ ቀንድ ቢሆንስ? እኛ ልጅ ሆነን ከቅዱስ ሚካኤል እግር ሥር የተጋደመውን ቀንዳም ስንቴ ቆመን አይተን የለ? ስለዚህ ሦስተኛውን ክስ እዚያው ውድቅ አደረግሁት።

ሰልፈኞቹ በአራት ጭፍራ ተከፍለዋል። አንዱ የፀደይ፣ አንዱ የበጋ፣ አንዱ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት፣ አንዱ የበረዶው ክረምት። የእያንዳንዱ ጭፍራ ልብስ፣ መሣሪያ፣ የቆመበት መሬት ሳይቀር በወቅቱ ቀለም ተቀብቷል። ልጁ አጉሊ መነጽር ሰጠኝ። እኔም ለወጉ ያህል አንዱን አንስቼ አየሁ። ለወጉ ያህል ያየሁት ነገር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ስለ ነገሩ ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች «ጌምስ ወርክሾፕ» የሚባል ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ። ሲጀምሩ ይሠሩ የነበሩት የእንጨት የጨዋታ ሰሌዳ ነው። ከሰሌዳዎቹ አንዱ ደግሞ ማንካላ ነበር፤ ማንካላ ማለት የእኛ ገበጣ ዘመድ ነው። አያቶቻችን መሬት ቆፍረው ጠጠር እየዘሩ ይጫወቱት የነበረው ጨዋታ ዘመዱ ለንደን ተቀርጾ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። በ1979 ጥቃቅን ምስሎቹን የሚያመርተው «ሲታደል» ተመሠረተ። በ1983 ምስሎቹ የሚዋጉበት «ዋርሃመር» የተባለው ጨዋታ ወጣ። ዛሬ የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ኖቲንግሃም ከተማ ነው። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ የቀለም ቅብ ውድድር አለ፤ በየምድቡ አንደኛ ከወጡት ሁሉ ለበለጠው የሚሰጠው ሽልማት እውነተኛ ሰይፍ ነው። የውድድሩ ስም ሲተረጎም «የወርቅ ጋኔን» ማለት ነው። ይህን ለእህቴ አልተረጎምኩላትም።

ምስሎቹ የሚሸጡት ሳይቀቡ፣ ተቆራርጠው ነው። ገዢው ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በሙጫ አጣብቆ ይገጣጥማቸዋል። ከዚያ ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ ጥቁር ወይም ነጭ የመያዣ ቅብ ይቀባል። በላዩ ዋናው ቀለም ይሄዳል። ቀጥሎ ውሃ የበዛበት ጥቁር ቡናማ ቀለም ይፈስበታል፤ ይህ ፈሳሽ ወደ ልብሱ እጥፋት ወርዶ ሲደርቅ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ ብሩሹ ቀለም ነክቶ፣ ጨርቅ ላይ ተጠርጎ፣ ደረቅ ሊሆን ሲል የወጣ የወጣውን ጠርዝ ብቻ እየዳበሰ ያበራዋል። ምሥጢሩ ይህ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሰው ላይ የክፍሉ መብራት በራሱ በቂ ጥላ አይሰጥም፤ ስለዚህ ቀቢው ብርሃኑንም ጥላውንም ራሱ ይሥላል። ፀሐይዋን የሚያወጣት እሱ ነው።

እንግዲህ ሰውን በአንድ ወቅት ቀለም አለብሶ ማሰለፍ አዲስ ነገር አይደለም። ፒተር ብሩገል እ.ኤ.አ. በ1565 የዓመቱን ወቅቶች በተከታታይ ሥዕል ሠርቷል፤ ዛሬ አምስቱ ቀርተዋል። የአጨዳው ሥዕል ከዳር እስከ ዳር የስንዴ ወርቅ ነው። የአዳኞቹ ሥዕል ነጭና የቀዘቀዘ አረንጓዴ-ግራጫ ነው። አንድ ቀለም መላውን ሥዕል ይገዛል፤ ሌሎቹ ቀለሞች ይገብሩለታል። የእህቴ ልጅ የብሩገልን ስም አያውቅም ነበር፤ ሕጉን ግን ያውቀዋል። አንድ ገዢ ቀለም፣ አንድ ተቃዋሚ ቀለም፣ የቀረው ዝምተኛ። ይህን ሲያስረዳኝ፣ አንዳንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ስለ አጭር ልቦለድ አወቃቀር ይሰጡኝ ከነበረው መልስ የተሻለ ነበር።

ከዚህ በኋላ ምክሩ ጠፋብኝና ሒሱ መጣ። ሙያ አይደል?

የበረዶው ጭፍራ ብልህ ሥራ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ነጭ ቀብቶ ይጨርሰው ነበር። ይህ ልጅ ግን ካባዎቹን በሰማያዊ-ግራጫ ሠርቶ ነጩን ለጠርዝ ብቻ አስቀምጦታል። ነጭ ስለ ቆጠበ ብርዱ ተሰማኝ። የበጋው ጭፍራ ደካማ ነው። አረንጓዴ ካባ፣ አረንጓዴ ሣር፣ አረንጓዴ ዛፍ፤ ገዢው ቀለም ተቃዋሚ ስላጣ ሰነፈ። (የሌላ ነገር ምሳሌ አድርጋችሁ ብትወስዱት አልቃወምም።) የፀደዩ ጭፍራ ሮዝ አበባ ተነስንሶበታል። «ይህን ከየት አመጣኸው?» ስለው ትንሽ አቅማማና «ቪዲዮ አይቼ» አለኝ። ያስታውቃል። የሮዝ አበባ ዛፍ ሳይሆን የሮዝ አበባ ዛፍ ወሬ ነበር የቀባው።

ዋናው ሥራ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ጭፍራ ነው። ካባው ትከሻ ላይ ብርቱካን ሆኖ ይነሣና ወገብ ላይ ዝገት ይሆናል፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ደም ይመስላል። እግራቸው ሥር ደግሞ ጥቃቅን የወደቁ ቅጠሎች አሉ፤ ከመርፌ ራስ ብዙም አይበልጡም፤ ቅርጻቸው ግን የቅጠል ቅርጽ ነው። በብሩሽ የተሠሩ መስለውኝ ነበር። «አይደለም» ብሎ መስኮቱን ከፈተና መንገዱ ዳር የቆመ፣ ግንዱ ነጭ የሆነ ዛፍ አሳየኝ። በርች ይባላል። ዘለላው ሲፈረፈር የሚወጣው ነገር ልክ እንደ ትንሽ ቅጠል ነው። ከዛፉ ሥር ለቅሞ፣ ፈርፍሮ፣ ቀብቶ አነጠፈው። የካባው ዝገትም ያው የዚያ መንገድ ቀለም መሆኑን መስኮቱ ላይ ቆሜ አስተያየሁት። ይህ ጭፍራ ከቪዲዮ አልመጣም። ከመስኮት ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። የዚህ ጥበብ ትልቁ ጉድለት የወጥ አሠራሩ ነው። ቀለሙ በስም ታሽጎ ይሸጣል። አቀባቡ ቁጥር ተሰጥቶት በቪዲዮ ይታያል። ውጤቱም በዓለም ዙሪያ ያለ የኤልፍ ጦር ሁሉ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ቀለም ከተቀባ፣ ያው ብርቱካንና ያው ቡናማ ነው። ቅጠል ሲረግፍ አይቶ በማያውቅ አገር ያለው ልጅም የሚቀባው ያንኑ ነው። ነገር ግን ወጉን መከተል በራሱ ኃጢአት አይደለም። የእኛ የብራና ሠዓሊዎች ወግ ተከትለው የሠሩ ናቸው። ጻድቁን ሁለት ዓይን ሰጥተው ከፊት፣ ኃጥኡን አንድ ዓይን ሰጥተው ከጎን የሳሉት ከመምህራቸው የተቀበሉትን ሕግ ይዘው ነው። ሕግ ዓይንን አያሳውርም። ዓይንን የሚያሳውረው፣ ሕጉን ከያዙ በኋላ ቀና ብሎ ማየት መተው ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፤ በደንብ አድርጌ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። እሱም በትዕግሥት ሰማኝ። ያን ጊዜ ባበቃ ምን ነበረበት? እኔ ግን አላበቃሁም።

«ለመሆኑ» አልኩት፣ «አንተ የኢትዮጵያ ልጅ አይደለህም? የእኛን ወቅት ለምን አትቀባም? መስከረምን!»

ከዚያ ስለ ወቅት ስሞቻችን ትምህርት ሰጠሁት። መዝገበ ቃላቶቻችን የፈረንጆቹን ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ብዙ ጊዜ «መፀው» ብለው ይተረጉሙታል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ወሩ ይቀራረባል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። መፀው የአበባ ዘመን ነው። እዚያ ዛፉ ሲራቆት እዚህ ሜዳው ይለብሳል። ቢጫው እንኳ አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኖ ትርጉሙ ለየብቻ ነው፤ ለእነሱ ቢጫ መሰናበቻ ነው፣ ለእኛ አዲስ ዓመት። አደይ አበባማ ጭራሽ መፀውን ሳይጠብቅ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ይቀድማል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀጠልኩ። ሲጀምረኝ አልመለስም።

ልጁ ዝም ብሎ አንድ ያልተቀባ ወታደር አነሣ። በሁለት ቀን ጨርሶ አመጣልኝ። ሥራው ንጹሕ ነው። ቢጫ ቀለም ሲባል ስስ ነው፤ ጥቁር ላይ ቢቀቡት አይሸፍንም፣ ይቆሽሻል። ይህን ስለሚያውቅ ከሥሩ ቡናማ፣ ከዚያ ደብዘዝ ያለ ቢጫ፣ ከዚያ ደማቁን ደራርቦበታል። እንከን የለውም። ግን የዘይት ጀሪካን ይመስላል። ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

«የሆነ ነገር ጎድሎኛል» አለኝ። «ልጠይቅህ?»

«ጠይቅ።»

«አበባው ሲታይ ከኋላው ያለው ሰማይ ምን ዓይነት ነው?»

«ሰማይ... ብሩህ ነው» አልኩት። «ክረምቱ አልፎ የለ?»

«ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው ብለኸኝ ነበር።»

ዝም አልኩ።

«እሺ። በአበባዎቹ መካከል ምን አለ? ቢጫ ብቻውን ገዢ ሆኖ ተቃዋሚ አጣ። እንደ በጋው ጭፍራ።»

«ሣር አለ። አረንጓዴ።»

«ከሥሩስ ያለው መሬት ምን ቀለም አለው? እያንዳንዱ ወታደር እኮ መሬት ላይ ነው የሚቆመው።»

መሬት። መሬቱ መሬት ነው፤ ምን ይባላል? ቀይ አፈር ልል አሰብኩ፤ ጥቁር ልል አሰብኩ። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ስለ አደይ አበባ በዚህ ዓምድ ሳልጽፍ ያለፍኩበት ዓመት የለም። «ፈንድቃ»፣ «ለምለም»፣ «ብሩህ ተስፋ» እያልኩ። መሬቱን ግን አላስታወስኩትም።

ልጁ ብሩሹን አስቀመጠና ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ ጠየቀኝ፦ «አይተኸዋል ግን?»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት አውቀው ነበር። የራሴ ነው። አንድ ጊዜ፣ ገና በማስተምርበት ዘመን፣ አንድ ተማሪ ግጥም አመጣልኝ። በግጥሙ ውስጥ በረዶ ይዘንባል፤ እንደ ፈረንጆቹ ያለ በረዶ፣ ጣራና ዛፍ የሚሸፍን። ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ ከጎኑ «በየትኛው አገር አየኸው?» ብዬ ጻፍኩበት። ሒሱ ትክክል ነበር። ተማሪው ግን ሁለተኛ ግጥም ይዞ ቢሮዬ አልመጣም። እኔም ለዓመታት ይህን ታሪክ ለሌሎች ተማሪዎች እየነገርኩ ሳስቅ ኖሬአለሁ፤ «ያላያችሁትን አትጻፉ» እያልኩ። ያ ልጅ በረዶውን ከመጽሐፍ አመጣው። እኔ ደግሞ አደይ አበባዬን ከአምናው ጽሑፌ ነው የማመጣው። ልዩነታችን እሱን የሚያርም ሰው መኖሩ ብቻ ነው።

ደረጃውን ወረድኩ። እህቴ «ነገርከው?» አለችኝ። «ነገረኝ» አልኳት።

አገሬ ተመለስኩ። 2017 ዓ.ም. ሲብት፣ መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በእንጦጦ አልፌ ሱሉልታ ወረድኩ። ባለታክሲው «ጋሼ፣ ለቅሶ ነው?» አለኝ፤ ሜዳ ሊያይ የሚሄድ ሰው አላጋጠመውም መሰለኝ። የምጽፍበት ደብተርና የልጁን ሦስት ጥያቄ ይዣለሁ።

ሰማዩ ብሩህ አልነበረም። በሰሜን በኩል የእርሳስ ቀለም ያለው ደመና ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቢጫው የደመቀው ከፀሐይዋ ሳይሆን ከዚያ ደመና የተነሣ ነው። ፀሐይ ብልጭ ስትል አበባው እንዲያውም ፈዘዝ ይላል። መሬቱ ጥቁር ነው፤ ዋልካ። ጫማዬን ያዘኝና አለቅም አለኝ። በከብት ኮቴ ውስጥ ውሃ አቁሯል፤ በውሃው ውስጥ ሰማይ አለ። አደዩ የቆመው ከቦዩ ዳር ከፍ ባለው በኩል ነው። ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ያጎነብሳል። በመካከሉ ደግሞ፣ ከእግሬ ሥር፣ አጠር ብሎ የተነጠፈ ወይን ጠጅ አበባ አየሁ። ሜዳው ሙሉ። እንደ ምንጣፍ።

ቆምኩ። ቢጫና ወይን ጠጅ በሠዓሊዎች የቀለም ክብ ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ተቃዋሚዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። ሚሼል ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ «ጥቁሩ ቀለም ደከመ» የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ቢመረምር፣ ቀለሙ ጤነኛ ነው፤ ያደከሙት አጠገቡ ያሉት ቀለሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1839 ይህን በመጽሐፍ አወጣው፤ ቀለም ብቻውን ቀለም አይደለም፣ ጎረቤቱ ነው የሚያደርገው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሕጉ ያለ መጽሐፍ ተነጥፎ ቆየኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለ ቢጫው ስሰማና ስዘምር፣ ቢጫውን ቢጫ ያደረገውን ጎረቤት አላየሁትም።

ማታ ያየሁትን ሁሉ በድምፅ ቀርጬ ላክሁለት። ደመናውን፣ ዋልካውን፣ በኮቴ ውስጥ ያለውን ውሃ። «አንድ ወይን ጠጅ አበባም አለ፤ ስሙን አላውቀውም» ብዬ ፎቶውን ጨመርኩበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የአምስት ወታደሮች ፎቶ ደረሰኝ። የቆሙበት መሬት ጥቁር ጭቃ ነው፤ በጭቃው ውስጥ ያሉት ጉድጓዶች የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጠብ ተደርጎባቸው ውሃ ሆነዋል። ካባቸው ቢጫ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ግን እንደ ቀድሞው ቡናማ ሳይሆን በስሱ የፈሰሰ ወይን ጠጅ ነው። ጋሻቸው የዚያ ደመና ቀለም አለው። እግራቸው ሥር ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ ወይን ጠጅ። ቢጫው ይጮኻል። ጀሪካኑ ጠፍቷል።

ጉድለት የለውም አልልም። የጦሮቹ ጫፍ ከሚገባው በላይ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወስዳል፤ ገዢው ቀለም ላይ ያመፀ ነው። የሁለቱ ፊት ገና ከሳጥኑ የወጣ ፊት ነው፤ መስከረም አልደረሰበትም። ወቅት ልብስ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ፊትም ላይ ይወርዳል፤ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ጻፍኩለት። በአጠቃላይ ግን፣ በዚያ ዓመት ስለ አዲስ ዓመት ካነበብኩትና ከጻፍኩት ሁሉ (የእኔኑ ዓምድ ጨምሮ) ያ በሦስት ሳንቲ ሜትር የተቀባው መስከረም ይበልጣል። ይህን የምለው ዘመዴ ስለሆነ አይደለም። ዘመዴ ባይሆን ኖሮ ስለ ጦሮቹ ጫፍ ዝም እለው ነበር።

ስለ ክሶቹ ልመለስ። ገንዘቡን በተመለከተ እህቴ እውነት አላት፤ ዕቃው ውድ ነው፤ በወር አንድ ሳጥን እንዲበቃው ተስማምተናል። ፈተናውን በተመለከተም እውነት አላት፤ በፈተና ሰሞን ብሩሹ ይታጠባል፣ መብራቱ ይጠፋል። ይተው የሚለውን ግን አልፈረድኩም። ሰው እንዲያይ የሚያስገድድ ነገር በዚህ ዘመን ብዙ የለም። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ማየት» የሚል ኮርስ ብንሰጥ ይህን ያህል አናስተምርም ነበር።

የአራተኛው፣ ክስ ያልተባለው ክስ፣ ፍርድ ከእኔ አልመጣም። ፎቶው በደረሰኝ ማግስት እህቴ ደወለች። ድምጿ ወጥ ቤት ውስጥ ያለች አይመስልም፤ የልጁ ክፍል ነው ያለችው። ልጁ ከጎኗ እንዳለ የብሩሽ ማጠቢያው ብርጭቆ ሲንቃጨል ይሰማል።

«ማገጥ እኮ ነው!» አለችኝ፣ ገና ሰላም ሳትለኝ።

«ምኑ?»

«ወይን ጠጁ አበባ ነዋ! ስሙን አላውቅም ብለህ የላክኸው። የደብረ ብርሃን ልጅ ሆነህ ማገጥ ጠፋህ? ጥጃ የጠበቅነው ምን ላይ ተቀምጠን ነው? ልብሴ በጭቃው እየበላሸ እማዬ ትቆጣኝ የነበረው የት ሆኜ ነው?»

እኔ በትምህርት ሰበብ ገና በልጅነቴ አዲስ አበባ መምጣቴን ላስረዳ ሞከርኩ። አልሰማችኝም። ለልጇ እየነገረችው ነው። ማገጡ ጠዋት ጤዛ ይዞ ቀለሙ ሌላ እንደሚመስል፣ ከብት እንዴት እንደሚወደው፣ ጭቃው ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ። ልጁ «ቆይ፣ ቆይ፣ ስንጥቁ ምን ያህል ነው? ጫፉ ላይ ይገረጣል?» እያለ ያቋርጣታል። እሷም ትመልሳለች። ሳታመነታ። ስልኩን እንደ ያዝኩ ሃያ ደቂቃ ያህል ረሱኝ።

ሰማዩን፣ አፈሩን፣ አበባውን የሚያውቅ ሰው ከፎቁ በታች ቡና እያፈላ ነበር። ልጁ የጠየቀው ግን መምህር የተባለውን ነው። እኔም ስጠየቅ «እናትህን ጠይቃት» ለማለት አንድ ዓመትና የሱሉልታ ጭቃ አስፈለገኝ።

ያ የበረዶው ገጣሚ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ይህን ካነበበ፣ ጥያቄው ትክክል እንደነበረ፣ አጠያየቁ ግን ትክክል እንዳልነበረ ይወቅልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ከምጽፍበት ይልቅ መስኮቱን ልከፍትለት ይገባኝ ነበር።

ሰሞኑን ከልጁ መልእክት ደርሶኛል። አሁን የእኛን በጋ ሊቀባ ተነሥቷል። «አጎቴ፣ ጥር ላይ አቧራው ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ይላል።

እናትህን ጠይቃት ብዬዋለሁ።